ከስንብቱ በታች የቀሩ ስሞች

ባለፈው ወር የጡረታ ደብተሬን ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሠፈር ወርጄ ነበር። የገባሁባት ሱቅ ሁለት ማሽንና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ልጅቷ ወረቀቱን አንስታ ስትሰጠኝ የሞቀ ወረቀትና የተጠበሰ አቧራ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የት እንደቆምኩ የገባኝ ያኔ ነው። ይህች ክፍል ኢንተርኔት ቤት ነበረች። እዚያ ጥግ፣ አሁን የፕላስቲክ ባልዲ ከተቀመጠበት ቦታ ላይ፣ አራት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣሁ የምቀመጥባት ወንበር ነበረች። በዚያች ወንበር ላይ ሆኜ ብዙ ሰው አከራክሬያለሁ፣ ጥቂት ሰው አስታርቄያለሁ፣ ሦስት ሰዎችን ደግሞ አንድ ሰው ናቸው ብዬ ከውይይት አባርሬያለሁ። የመጨረሻውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ልጅቷ "አባባ፣ ስንት ኮፒ ነበር ያሉኝ?" ስትለኝ ቁጥሩ ጠፍቶኝ ነበር።

ዘመኑ የሞባይል ቀፎ በከተማችን ብርቅ መሆኑ ሊያበቃ የተቃረበበት፣ ኢንተርኔት ግን ገና ብርቅ የነበረበት ነው። ምርጫው አልፎ ነበር ወይስ እየመጣ ነበር ብትሉኝ ልሳሳት እችላለሁ፤ የሻይ ዋጋ ግን አልስትም። ፒያሳ ሻይ ሰባ አምስት ሳንቲም፣ ሻይ በዳቦ አንድ ብር ከሃምሳ ነበር። ኢንተርኔት ደቂቃው ሃያ አምስት ሳንቲም ሆኖ፣ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳ ሠላሳ አምስት ይገባል። እኔ በአንድ የግል ኮሌጅ ሶሲዮሎጂ አስተምር ነበር። ክርኑ የነጣ ቡናማ የኮርዶሮይ ኮት ነበረኝ፤ ተማሪዎቼ ኮቱን ከስሜ በፊት እንደሚያውቁት ደርሼበታለሁ። ልጃገረዶቹ ጂንስ ላይ ነጠላ ወይም ሻሽ ጣል ማድረግ የጀመሩበት፣ ወንዶቹ ፀጉራቸውን በቅባት አቁመው በደሴ ብርድ በቲሸርት የሚንቀጠቀጡበት ጊዜ ነበር። ከኢንተርኔት ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ጠዋት መንዙማ ይከፍታል፣ ከሰዓት በኋላ ባቲና አምባሰል ያዘፍናል፤ በዓል ሲሆን ደግሞ የማንም በዓል ይሁን የዚያን መዝሙር ወይም ነሺዳ ያሰማል። እኔ በዚያ ሁሉ ዜማ ታጅቤ፣ ጉሙ በበሩ እየገባ እግሬን እያቀዘቀዘው፣ የተማረ ሰው ሲጣላ አነብ ነበር።

ጠቡን የማነብበትን የኢሜይል ውይይት ቡድን የመሠረቱት ውጭ አገር የሚያስተምሩ አንድ የወሎ ተወላጅ ፕሮፌሰር ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ አንድ ሰው ጽሑፉን በኢሜይል ወደ አንድ አድራሻ ይልካል፣ እኔ አይቼ አሳልፈዋለሁ፣ ከዚያ ስልሳ ለሚሆኑ አባላት ይደርሳል። አባላቱ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ መምህራን፣ የዶክትሬት ተማሪዎች፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የጥናት ባለሙያዎች ነበሩ። የምንወያየው ስለ ወሎ ማኅበረሰብ ነው፤ ስለ መሬት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ስደት። የአማርኛ ፊደል በብዙ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን እየሆነ ስለሚያስቸግር ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር። እኔ አወያይ የሆንኩት ዕውቀቴ በልጦ አይደለም፤ ደሴ ውስጥ በሳምንት ሦስት ቀን ኢንተርኔት ቤት ለመቀመጥ ትዕግሥትም ሳንቲምም ያለው ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው።

የተማረ ሰው እንዴት እንደሚሳደብ የተማርኩት እዚያ ነው። "ከታላቅ አክብሮት ጋር" ብሎ የጀመረ ሰው አክብሮቱ እዚያው ላይ ያልቅበታል። "ምናልባት የተከበሩ ባልደረባዬ ጽሑፉን ተረጋግተው ለማንበብ ጊዜ አላገኙ ይሆናል" ማለት "ደደብ ነህ" ማለት ነው። "ለግንዛቤ ያህል" ሲባል ሰውዬው ሊዋረድ መሆኑን አውቄ ወንበሬን እስብ ነበር። ስድቡን ሁሉ አሳልፌዋለሁ፤ ሥርዓት ያለው ስለሆነ የማቆምበት ምክንያት አልነበረኝም። ከራሴ ተማሪዎች አምስት ስድስቱን አባል አድርጌያቸው ነበር። አንዷ ስለ እናቷ ሠፈር ዕድር ጥሩ ነገር ጻፈች፤ በማግስቱ አንድ ዶክተር "ምንጭዎ ምንድን ነው?" አሏት። ምንጯ እናቷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ጽፋ አታውቅም፤ ኮሪደር ላይ ሳገኛትም ለምን ተውሽው ብዬ አልጠየቅኳትም። የሚጽፈው ሰው በዝቶብኝ ስለነበር የሚቀረውን የምቆጥርበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም የምቆጥር አይመስለኝም።

በዚያው ሰሞን ፕሮፌሰሩ አንድ ቅሬታ ላኩልኝ፤ ከአገር ቤት የሚመጡት ጽሑፎች ሰላምታቸው ረዝሟል የሚል። እውነት ነው፣ ይረዝም ነበር። የእኛ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ጤና ሳይጠይቅ፣ ስለ ዝናቡ ሳያነሳ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ ሲወጣም እንዲሁ ነው፤ አመስግኖ፣ መርቆ፣ ለማያውቀው ሰው ቤተሰብ ሁሉ ሰላምታ አቅርቦ ነው የሚወጣ። ስለዚህ እኔ ሥራዬን አቀለልኩት። ከላይ እስከ ጉዳዩ ያለውን እቆርጣለሁ፣ ከታች ደግሞ "በተረፈ" ከሚለው ቃል ጀምሮ ያለውን እንዳለ እቆርጣለሁ። ላኪው ማን እንደሆነ ከኢሜይሉ አናት ላይ ተጽፎ ስለሚታይ ከስር ያለውን ማንበብ ጊዜ ማባከን መሰለኝ። አንድ ጽሑፍ በሁለት ደቂቃ ማለቅ ጀመረ። ፕሮፌሰሩ አመሰገኑኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ከኮምቦልቻ የሚጽፈው ሰይድ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ርዕሳችን ከገጠር ወጥቶ ፋብሪካ የገባው ሠራተኛ ነበር፤ ስልሳ ምሁር ስለ ሠራተኛ ሲያወራ አንድም ሠራተኛ የለም ብሎ የታዘበ አንድ ተማሪዬ የሰይድን አድራሻ ሰጠኝና አስገባሁት። ኮምቦልቻ ዳር በነበረ አንድ ትንሽ የግል ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው ተባለ። ፋብሪካው ዛሬ የለም፤ ቦታው የእህል መጋዘን ሆኗል። የመጀመሪያው ጽሑፉ አጭርና ደረቅ ነበር። "ወላሂ ገጠር ተመልሼ አልገባም፤ መሬቱ ለወንድሞቼም አልበቃ፤ ፋብሪካው ባይኖር ዛሬ አረብ አገር ነበርኩ" ይላል። ሁሉም ወደደው። በሳምንቱ ከዚያው አድራሻ ሌላ መጣ፤ ይኸኛው ግን ረጅምና የቤተ ክህነት ለዛ ያለው ነው። ሰው ከአባቱ ደጅ ሲለይ ማተቡ እንደሚላላ፣ መድኃኒቱ ወደ ርስት መመለስ ብቻ እንደሆነ ያስረዳና በሚካኤል ይምላል። ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ነበር። ሽመና ክፍል ስለሚሠሩ ከኩታበር ገጠር የመጡ ልጃገረዶች፣ ስድስት ሆነው አንድ ክፍል ስለሚከራዩት፣ ሦስቱ ሲሠሩ ሦስቱ በዚያው ፍራሽ ላይ እንደሚተኙ፣ ፍራሹ ቀዝቅዞ እንደማያውቅ፣ ከስድስቱ አንዷ ስትታመም የቀሩት ፈረቃዋን እንዴት እንደሚከፋፈሉላት ይተርካል። ርዕሱ "ክፍል አንድ" ይላል። እንደዚያ ያለ ነገር በዚያ ውይይት ውስጥ ከዚያ በፊት አልተጻፈም፤ ከዚያም በኋላ አልተጻፈም።

ጥያቄው ከውጭ አባላት ተነሳ። ይህ ሰው አንዴ በአላህ፣ አንዴ በሚካኤል፣ አንዴ በእመብርሃን ይምላል፤ ምንድን ነው? አሉ። እኔ ሳቅሁባቸው። ወሎን ረስታችኋል ብዬ ጻፍኩ፤ የእኔ የእናቴ ወንድም ስሙ መሐመድ ነው፣ አጎቴ ለፋሲካ ከእኛ ጋር ሲበላ አድጌያለሁ፣ እዚህ አገር ሰው በሁለቱም ቢምል የሚገርመው እንግዳ ብቻ ነው አልኳቸው። በዚህ መልሴ በጣም ኮርቼ ነበር። ወሎዬነቴ አሳወረኝ ብል አላጋነንኩም፤ ሌላ አገር ያለ አወያይ ቢሆን "እነዚህ ስንት ሰዎች ናቸው?" ብሎ ይጠይቅ ነበር። ቀጥሎ "ክፍል ሁለት" መጣና አንድ ዶክተር "ከታላቅ አክብሮት ጋር" ብለው ጀመሩ፤ አንድ ወንድ የሴቶችን መኝታ ክፍል እስከ ፍራሹ ሙቀት ድረስ እንዴት ሊያውቅ ቻለ? ወይ ፈጥሮ ነው፣ ወይ ነውረኛ ነው አሉ። ሌላው ደግሞ ሰውዬው በአንድ ወር ውስጥ ገጠር አልመለስም ብሎ፣ እንመለስ ብሎ፣ ሁለቱንም ያላለ ሦስተኛ ነገር ማለቱን አሰናድተው ላኩ። ፕሮፌሰሩም "የሚቀልድብን ሰው ካለ አወያዩ እርምጃ ይውሰድ" አሉ።

እርምጃ ወሰድኩ። ሰይድ ምን ይላል ብዬ አልጠየቅኩትም። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጀነሬተር እየጮኸ፣ "በተለያየ ማንነት የሚጽፍ አንድ ግለሰብ የውይይታችንን ክብር ስለነካ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል" ብዬ ለስልሳውም ላክሁ። ለእሱም ላክሁ። ከስሩ ሙሉ ስሜን ከነማዕረጌ ጻፍኩበት። አሥራ አንድ የምስጋና መልስ መጣልኝ፤ ቧንቧ ውሃ ሠፈር ወዳለው ቤቴ ስሄድ በእግሬ መሄዴን አላስተዋልኩትም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከክፍል ስወጣ የኮሌጁ በር ላይ አንድ ጠይም፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ። ጣቶቹ ላይ ዘይት ነበረ።

"አሰላሙ አለይኩም መምህር። እንደምን አሉ? ቤተሰብ ደህና?" አለኝ፤ ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ ሥራዬን በየተራ ጠይቆ ሲጨርስ "ሰይድ ነኝ፣ የኮምቦልቻው" አለ።

"እሺ ሰይድ፣ ምን ፈልገህ ነው?" አልኩት፤ ቀዝቀዝ ብዬ።

"ለመጣላት አይደለም፣ አብሽሩ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው። ያባረሩት ሦስታችንንም ነው ወይስ አንዳችንን?"

"የትኞቹን ሦስት?"

ሰይድ ፊቴን አየና የቀለድኩ መሰለው። "እኔን፣ አባተንና ዘነቡን ነዋ። አባተ ዘበኛችን ነው፤ ዱሮ ድቁና ነበረው። ዘነቡ የሽመና ናት። አድራሻው የኔ ነው፤ ኮምፒውተሩን የምነካካው እኔ ስለሆንኩ። እነሱ በደብተር ይጽፋሉ፣ እሁድ እሁድ አዋጥተን ግማሽ ሰዓት እንከፍልና እኔ እተይባለሁ። ፖስታ ሳጥኑስ እንደዚያው አይደል? ፋብሪካው በሙሉ በአንድ ቁጥር ነው ደብዳቤ የሚቀበል። ደብዳቤው ላይ ስም ካለ ሳጥኑ ቢጋራ ምን ቸገረ ብለን ነው።"

"ስም የት አለ?"

"ከስር ነዋ መምህር። ከስንብቱ በታች።"

ሰኞ ገበያ ድረስ አብረን ወረድን። ኢንተርኔት ቤቱ ገብቼ የመጀመሪያዎቹን፣ ያልቆረጥኳቸውን ኢሜይሎች ከፈትኩ። እንዳለው ነበር። "በተረፈ" ከሚለው በኋላ ምስጋና፣ ምርቃት፣ ለስልሳ ሰው ቤተሰብ ሰላምታ፣ ከዚያ "ሰይድ፣ ከጥገና"፤ በሌላው ላይ "አባተ፣ ከጥበቃ"፤ በሌላው ላይ "አክባሪያችሁ ዘነቡ፣ ከሽመና ክፍል፣ ኩታበር ተወልጄ"። ሁሉም ስማቸውን ጽፈዋል፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አፍሬ ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ለምን ከላይ አይጽፉትም ነበር አልኩ በልቤ።

ሰይድ የመጣው ስለ ራሱ አልነበረም። "እኔስ የትም አወራለሁ፤ አባተም በር ላይ የሚያወራው ሰው አያጣም" አለኝ። "ዘነቡ ናት። ጆሮዋ እየሄደ ነው፤ ማሽኑ ነው። ስብሰባ ላይ አለቃው ሲናገር አፍ አፉን ታያለች፣ ተራዋ ሲደርስ ምን እንደተባለ አታውቅ። በጽሑፍ ሲሆን ግን እኩል ናት። ክፍል ሦስትን ጨርሳዋለች። ደሴ ላይ ልታደርጉት ባላችሁት ጉባኤ እንዲነበብላት ትፈልጋለች። የኛ ሥራ አስኪያጅ ይመጣል አሉን። እሱ ፊት እንዲነበብ ነው፤ ሌላ ቦታ አይሰማትም።"

የቡድኑ አባላት በአካል የምንገናኝበት ጉባኤ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አዘጋጁ እኔ ነበርኩ፤ የየፋብሪካውን ኃላፊዎች የጠራሁትም እኔ ነኝ። ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው፤ ለስልሳው ሰው "ተሳስቻለሁ፣ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ስማቸውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" ብሎ መጻፍ። ሦስት መስመር፤ ግፋ ቢል አንድ ብር። እኔ ግን ለሰይድ ሌላ ነገር ነገርኩት። "እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን አድራሻ ክፈቱ፤ ሙሉ ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ ሞልታችሁ እንደ አዲስ አመልክቱ፤ ኮሚቴው ያየዋል" አልኩት። ኮሚቴ የሚባል አልነበረም። ሰይድ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና "ኢንሻአላህ፣ እነግራታለሁ" አለ። ሻይ ልጋብዝህ አልኩት፤ የኮምቦልቻ መኪና ይቀድመኛል ብሎ ሄደ። ማንም አላመለከተም።

ጉባኤው ተካሄደ። በኮሌጁ አዳራሽ ሁለት ቀን ሆነ፤ የወረቀት ባንዲራ ተሰቀለ፤ ምሳ ጥብስና ለስላሳ ነበር፤ ለተሳታፊ ሁሉ ጥቁር የፕላስቲክ ቦርሳ ታደለ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መጥተው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ በየንግግሩ መጨረሻ ላይ እያጨበጨቡ። ሁለት ተናጋሪዎች የፍራሹን ነገር አነሱ፤ "አንድ ስሙ ያልታወቀ ሠራተኛ እንዳለው" እያሉ። አዳራሹ በጣም ወደደው። በኋላ በታተመው የጉባኤው መድበል ላይም እንደዚያው ሆኖ ወጣ፤ አራሚው እኔ ነኝ። መድበሉ ቤቴ አለ፤ ያን ገጽ የማገኘው ሳልፈልገው ነው።

ውይይቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ። የሚጽፉት ሰዎች አሥር፣ ከዚያ አምስት ሆኑ፤ በመጨረሻ ፕሮፌሰሩና እኚያ የአክብሮት ዶክተር ብቻ እርስ በርሳቸው ሲጻጻፉ እኔ በመሀል እያሳለፍኩ ቀረሁ። አንድ ቀን እነሱም ተዉት። ኢንተርኔቱ ስልክ ውስጥ ገባ፣ ኢንተርኔት ቤቱም ተዘጋ፤ ካሴት ቤቱ መጀመሪያ ሲዲ፣ ከዚያ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆነ። ዛሬ ልጆቼ በስልካቸው የሚገቡበትን የምሁራን ቡድን አንዳንዴ አብሬያቸው አነባለሁ። ሰላምታ ቀርቷል፤ "ከታላቅ አክብሮት ጋር" የሚለውም ቀርቷል፣ ሰው በቀጥታ ነው የሚሰዳደበው። የሚያፍረው ማን እንደሆነ፣ አንዴ ጽፎ የጠፋው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም አላየሁም።

ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት እንደወጣሁ ቤቴ አልተመለስኩም። ሰይድን ከዚያ በፊት የት ፈልጌው አውቃለሁ? የትም። ኮምቦልቻ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ዱሮ አምስት ብር ነበር፤ ዛሬ ያለውን ብናገር ይህ ሳይነበብ ይለወጣልና ልተወው። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ ኮቴን አወለቅሁ፤ ደሴ የለበሰ ሰው ኮምቦልቻ ሙቀቱ ጋ ሲደርስ ማውለቁ ያልተለወጠ ነገር ነው። መናኸሪያው አጠገብ "ሰይድ የሚባል የብርድ ልብስ ፋብሪካ መካኒክ የነበረ" ብዬ ብጠይቅ አንድ ባለ ባጃጅ ወዲያው ወሰደኝ። የስፌት መኪና ይጠግናል። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ጣቶቹ ላይ ያው ዘይት አለ።

"መምህር ካሣ" አለ፣ ሳይነሳ። ከዚያ ተነሳ። ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ ጡረታዬን በየተራ ጠየቀኝ። አባተ ማረፉን፣ ሠልስቱን እሱ ቁጭ ብሎ ማስተናገዱን ነገረኝ። "ዘነቡስ?" አልኩት።

"እቺውና" አለ፣ ሁለት በር አልፎ ያለች ትንሽ ሱቅ እያሳየኝ። "ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። በቀኝ ጆሮዋ ትንሽ ይሰማት ነበር፣ አሁን እሱም የለም። ጮክ ቢሉባት ዋጋ የለው፤ ይጻፉላት።"

ዘነቡን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ሃምሳን ያለፈች፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ ሰው ሲገባ ዓይኗን ከአፉ ላይ የማታነሳ ሴት ናት። ባንኮኒው ላይ ደብተርና በክር የታሰረ እስክሪብቶ አለ፤ ሰው የሚፈልገውን ይጽፍላታል። እኔ ግን መምህር ነኝና መናገር ጀመርኩ፤ ስሜን፣ ዘመኑን፣ እንዴት እንደተሳሳትኩ፣ ያኔ የነበረውን አሠራር። ብዙ ከተናገርኩ በኋላ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። እስክሪብቶውን ይዤ ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ፤ ያ ሁሉ ማብራሪያ በጽሑፍ ሲሆን ምንም አይሆንም። "ስማችሁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ካሣ።" ብዬ ጻፍኩ።

አነበበችው። "አውቃለሁ። ሰይድ ነግሮኛል፤ የእርስዎ ስም ደግሞ ከማባረሪያው ስር ተጽፎ ነበር" አለች። ድምጿ ከሱቁ ይበልጣል፤ ስለማትሰማው መጠኑን አታውቀውም። ከዚያ "ክፍል ሦስትን ፈልገው ነው የመጡ?" ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ክፍል ሦስት እንዳለ እንኳ አላሰብኩም ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። ከመደርደሪያው በላይ ካለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሰማያዊ የሃምሳ ሉክ ደብተር አወጣች። ትሰጠኛለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም፣ መነጽሯን አድርጋ ራሷ አነበበችው። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው ያዩ ነበር።

"ክፍል ሦስት፣ ስለ ጆሯችን" ይላል። ጥናት አልነበረም፤ የስም ዝርዝር ነው። "አስካለ መጀመሪያ ያጣችው የዶሮ ጩኸት ነው፤ አርፍዳ መጥታ ስትገሠጽ ነው ያወቀችው። ዘይነባ መጀመሪያ ያጣችው አዛን ነው፤ የሶላቱን ሰዓት ጎረቤት ትጠይቃለች። ወርቄ ልጇ ከኋላዋ ሲያለቅስ አልሰማችም፤ ስትዞር አይታ ነው የደነገጠች።" እንዲህ እያለ የሽመና ክፍሉን ሴቶች አንድ በአንድ ያልፋል። "እኔ ዘነቡ መጀመሪያ ያጣሁት የእናቴን ድምፅ ነው። ኩታበር ከስልክ ቤት ደውላልኝ፣ ማን ልበል አልኳት።" ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ ሁለት መስመር ነው። "የምንለምነው ለጆሯችን መሸፈኛ እንዲመጣልን ነው። ለኛ ቢቀር እንኳን ዘንድሮ የገቡት ልጆች ገና ይሰማሉ።" ከዚያ በተረፈ ብላ ለሥራ አስኪያጁ፣ ለጉባኤው፣ ለእኔና ለቤተሰቤ ያቀረበችውን ሰላምታ እስከ መጨረሻው አነበበች።

መነጽሯን አወለቀች። "ያኔ ቢደርስዎ ያሳልፉት ነበር?"

"አዎ" ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶው እጄ ላይ እያለ ቃሉን አየሁት፤ ውሸት ነበር። ሰረዝኩትና "ስሞቹን አውጪ፣ አሳጥሪው እል ነበር" ብዬ ጻፍኩ።

አንብባ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። ያኔ ግራጫ ሱፍ ለብሰው ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰው፣ የታደለው የፕላስቲክ ቦርሳ፣ ጭብጨባው በዓይኔ መጣ፤ ልቤም ዘነቡ በያዘችው ደብተር ላይ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በላይ መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ግን ጠየቅሁ። "ያኔ አዲስ የገቡት ልጆችስ?" ብዬ ጻፍኩ።

አነበበችው። ከዚያ በዚያ ትልቅ ድምጿ፣ ለሱቁም ለመንገዱም በሚሰማ፣ "እነሱም አይሰሙም" አለችኝ።